«ወረደልሽ ወይ?»

ባለቤቴ ጌጡ ካረፈ ስምንት ወር ሞላው። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት በአርባው ማግስት ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆችን «ቶሎ ቶሎ ጻፉ» እያልሁ ያስተማርሁ ሴት ዛሬ ከሁሉም የዘገየሁ ሆኛለሁ። ቢሆንም እጨርሰዋለሁ። የምጽፈው ስለ ሐዘኔ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት በምግብ መውረጃዬ ላይ ስለ በቀለው ነቀርሳ ነው፤ ሐኪሞች ካንሰር የሚሉት። እንዴት እንደ ተታለልሁና እንዴት እንደ ተረፍሁ ልናገር። ምግብ አልወርድ ያለው ሰው ካለ ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለም ሰው ያንብብለት።

የምንኖረው ጎንደር ከተማ ነው። ጌጡ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የስፌት ማኪናው ከቤታችን የመንገድ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። እኔ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስና ሒሳብ አስተምር ነበር። ይህን የምናገረው ለኩራት አይደለም፤ የተማረ ሰውም እንደሚሳሳት እንዲታወቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥምቀት ሰሞን፣ በዳቦ ነው። የጎረስሁት ድፎ ዳቦ ደረቴ መካከል ላይ ቆመ። አላመመኝም። መንገድ መካከል እንደ ቆመ አህያ ዝም ብሎ አልሄድም አለ። ውኃ ጠጣሁበት፣ ሄደ። በሳምንቱ ሥጋ ቆመ። ከዚያ ቆሎ። አንድ ክሊኒክ ሄድሁና የነበረው ጤና ረዳት ሆዴን ጫን ጫን አድርጎ፣

«ጨጓራ ነው። እናንተ መምህራን ሁላችሁም ጨጓራ ናችሁ። ከጠመኔው ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

የሚታኘክ ነጭ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ ራሱ ጠመኔ ጠመኔ ይል ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ጾሙ አታለለኝ እንዳልል ኃጢአት ነው፤ በጾሙ የተደበቅሁት እኔ ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንጀራውን ትቼ የአጃ ሙቅ ወይም ቀጭን ሽሮ ፉት እላለሁ። ጎረቤቶቼ «የሺ ዘንድሮ እንደ መነኩሴ ሆነች» አሉ። የነፍስ አባቴ እንኳ «በርቺ» አሉኝ። ዘመኑ በሌላ በኩል ጾመኛ የሚወደስበት አልነበረም። ለውይይት ክበብ ወደ ትምህርት ቤታችን የሚመጣ ካድሬ ነበር፤

«ጓድ የሺ፣ ረሃብን በፈቃዱ የሚያመጣ ሰው ምን ይባላል?» አለኝ አንድ ቀን በሰው ፊት።

«ቆጣቢ ይባላል፣ ጓድ» አልሁት።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ያመሰገነኝም ያሾፈብኝም «ለምን አትበይም?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ለእኔ ይህ ዕረፍት ነበር። ቀስ በቀስ ራሴንም አሳመንሁት፤ እንጀራ ያልበላሁት ስላልቻልሁ ሳይሆን ስላልፈለግሁ ነው አልሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽም ጽድቅ ጽድቅ ሸተተኝ።

ጌጡ ግን ከወሬ ይልቅ ሜትሩን የሚያምን ሰው ነው። ቀሚሴን አንድ ጊዜ አጠበበልኝ። ሁለተኛ አጠበበልኝ። በሆሳዕና ዋዜማ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ከትከሻ እስከ ትከሻ ለካኝና፣

«ይህ ቀሚስ ከእንግዲህ የሚጠብበት ቦታ የለውም። ስፌት በስፌት ላይ ሊወጣ ነው። ምነው የሺ?» አለኝ።

«ጾም ነዋ።»

«ጾም ወገብ ይቀንሳል። ትከሻ ይቀንሳል ወይ?»

የተማሪዎቼን ሥራ ላርም ብዬ ከፊቱ ሸሸሁ።

ለፋሲካ አማቴ እማ ጥሩነሽና የጌጡ አጎት አያ ወርቁ ከአምባ ጊዮርጊስ በግ ይዘው መጡ። ገበታው ቀረበ። ጌጡ በትልቁ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። የፋሲካን ጉርሻ ማን ይመልሳል? ተቀበልሁ። አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ እንደገና አኘክሁ። አንዱን ጉንጬን ስሞላ ወደ ሌላው አዞርሁት።

«ወረደልሽ ወይ?» አለኝ ጌጡ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ሁሉንም ተፋሁት። ቀና ስል ከኋላዬ ቆሟል።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከጥምቀት ጀምሮ።»

ጌጡ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እንደሚቆጣኝ ጠብቄ ነበር። «ሦስት ወር ሙሉ በሜትር ሳይሽ» አለ ብቻ፤ ራሱን ነበር የሚወቅሰው።

ያን ቀን ነገሩ ለቤተሰቡ ወጣ። እማ ጥሩነሽ አፌን አስከፍተው አዩና «ይኸው! እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ። እኔ ምግብ አልወርድ ብሎኝ ስሰቃይ፣ ወረደ የተባለው እንጥሌ ሆነ። እንጥል ማለት ከላንቃ መጨረሻ የምትንጠለጠለው ትንሽ ሥጋ ናት፤ በአገራችን ስታብጥ ያስቆርጧታል። እኔ የሰውነት ክፍሎችን በሰሌዳ ላይ ሥዬ የማስተምር ሴት፣ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄጄ፣ በፈረስ ጭራ ቋጠሮ ለሚቆርጥ አዋቂ አፌን ከፈትሁ። ለምን ብትሉኝ፣ በሽታው ያ ብቻ ቢሆን ስለ ወደድሁ ነው። ደማሁ፤ ቁስሉም እስኪሽር ሦስት ሳምንት ጠፋ። ምግቡ እንደ ቆመ ነው። በመጨረሻ ውኃም መቆም ጀመረ።

«ወገቡ ሰፍቶ ሳለ ኮሌታውን ቆረጥነው» አለ ጌጡ። «ነገ ሆስፒታል ነው። አልሰማሽም።»

በሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንት ቀን እንደ ተቀመጥሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ከጭልጋ፣ ከአይከል አካባቢ የመጣች አንዲት እናት ናት። ልጇ ታማባት ነው የመጣችው። እኔ ቀና ብዬ መቀመጥ ሲያቅተኝ አየችና ነጠላዋን አጥፋ ከጀርባዬ አስደገፈችልኝ፤ እስከ ማታም መልሺ አላለችኝም። ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። ሰው ሲታመም ከማያውቀው ሰው ብዙ ነገር ይቀበላል።

ራጅ ክፍል ውስጥ ኖራ የመሰለ ነጭ ፈሳሽ አጠጡኝና ሲወርድ በሥዕል አነሡት። ሐኪሙ ሥዕሉን ከብርሃኑ ላይ ሰቅሎ አሳየን። የምግብ መውረጃ ቧንቧው ከላይ ሰፊ ነው፤ ታች ከጨጓራ ጋር ሊገናኝ ሲል እንደ ክር ይቀጥናል፤ ጠርዙ ተበልቷል።

«አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስላል» አለ ጌጡ።

ከዚያ መብራት ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ አስገብተው ከሥጋው ቁራጭ ወሰዱ፤ ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። መልሱ እስኪመጣ የጠበቅነው ጊዜ ከቀዶ ጥገናው የባሰ ነበር። ጌጡ ማኪናውን ይረግጣል፤ እኔ ደብተር አርማለሁ።

በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ለታማሚው አይነገርም ነበር። መልሱ ሲመጣ ሐኪሙ ጌጡን ብቻ ጠራው። ጌጡ ግን ከበሩ ተመልሶ፣ «ዶክተር፣ ለእሷም ይንገሯት። መምህርት ናት፤ ፊቴን ታነበዋለች» አለው። እንዲህ ሆኖ ሁለታችንም ባለንበት ሰማሁ። ነቀርሳ ነው። አድጓል። ጎረቤት ሥጋዎችን ይዞ እንደሆነ ካልተከፈተ አይታወቅም። የሚከፍቱት ይኸው ሐኪምና ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ አንድ ሌላ ሐኪም ናቸው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሆስፒታሉ የአምስት ሰው ደም ያስፈልጋል አለ። ጌጡ ሰጠ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሰጠ። ሦስት ጎደለ። አያ ወርቁ ሁለት የወንድማቸውን ልጆች አስከትለው ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ አውቶቡስ ደረሱ። ልጆቹ ከመርፌው ይልቅ «ደም የሰጠ ሰው ከእንግዲህ አያርስም» የሚለውን ወሬ ፈርተው ቆመዋል።

«ምነው?» አሉ አያ ወርቁ እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ። «በሬ እንኳ ይደማል፤ በማግስቱም ያርሳል። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ሁለት ጊዜ የሸሸሁ ሰው ነኝ። አሁን ደሜ መምህርት ውስጥ ከገባ የተማርሁ ነኝ ማለት ነው። የገበሬ ማኅበሩ ወረቀቴን ያዘጋጅልኝ!»

ነርሷ ሲስተር ውድነሽ እስክትንበረከክ ሳቀች። ልጆቹም እየሳቁ ተኙ፤ ደማቸውም ተቀዳ።

ልገባ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ከጌጡ ጋር ተቀመጥን። በልቤ የነበረውን ነገርሁት።

«ከፍተው ካዩኝ በኋላ ከባድ ነው ብለው መልሰው ሰፍተው እንዲሰጡህ አልፈልግም። በረሃብ ቀስ ብዬ ከምሞት እዚያው ልሙት። ግማሽ ሥራ እንደማልወድ ታውቃለህ።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ።»

«ነግሬዋለሁ። ‹ያን ጊዜ አንቺ ተኝተሻል፤ የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው› አለኝ።»

ጌጡ ከነጠላዬ ጫፍ የወጣች ክር አየና በጥርሱ በጠሳት።

ቀዶ ጥገናው ስምንት ሰዓት ያህል ፈጀ ይላሉ። እኔ የማውቀው ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ መንቃቴን ነው። በግራ ጎኔ ከደረቴ ቱቦ ወጥቷል፣ ባፍንጫዬ ሌላ፣ በሆዴ ጎን ምግብ የሚንጠባጠብበት ሌላ ቀጭን ቱቦ። ሁለት ቀን ቆይቶ ሐኪሙ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አስረዳኝ። ነቀርሳው ከቧንቧው አልፎ የጨጓራዬን አናት፣ ጣፊያዬን፣ ደረትን ከሆድ የሚለየውን ሥጋና የግራ ሳንባዬን ጫፍ ይዞ ነበር። የያዘውን ሁሉ አንድ ላይ አወጡት። ከጨጓራዬ የተረፈውን ወደ ላይ ስበው ከቀረው ቧንቧ ጋር ሰፉት።

ጌጡ ከእግርጌዬ ቆሞ በጥሞና ሲሰማ ቆየና፣

«ዶክተር፣ ይቅርታ፤ ስፌቱ ነጠላ ነው ድርብ?» አለ።

ሐኪሙ ዞሮ አየው። «ድርብ ነው።»

«ሲጎተት እንዳይተረተር ልቅ አድርገዋታል?»

«ልቅ ነው። አንተ ደግሞ ምንድን ነህ?»

«ልብስ ሰፊ።»

«እንግዲያው ጠባቂው አንተ ነህ» አለው ሐኪሙ። «ይህ ስፌት እስኪይዝ ድረስ አንዲት ጠብታ ውኃ እንኳ በአፏ እንዳይገባ። ካፈሰሰ በደረቷ ውስጥ ነው የሚያፈስሰው፤ ከዚያ በኋላ አናገኛትም።»

ሐኪሙ ሲወጣ ጌጡን በእጄ ምልክት ጠራሁት። «ጠየቁህ ወይ?» አልሁት በሹክሹክታ።

«ማን? ምንም አልጠየቁኝም። የሚያውቁትን አደረጉ፤ አበቃ።»

አመንሁት።

በአምስተኛው ቀን እማ ጥሩነሽ በጠርሙስ ጠበል ይዘው መጡ። ከአምባ ጊዮርጊስ ጾመው፣ ጠርሙሱን በአውቶቡስ ውስጥ በጉያቸው ይዘው ነው የመጡት። ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ጠርሙሱን እስካይ የሰው ልጅ ውኃን እንደዚያ ሊመኝ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ጌጡ በመካከላችን ገባ።

«እማ፣ አይሆንም። ስፌት ሳይዝ ውኃ አይነካውም።»

«የእግዜርን ውኃና የልብስ ማጠቢያህን አንድ ታደርገዋለህ?»

«ውኃው ሸጋ ነው፣ እማ። ስፌቱ ነው ያልጠናው።»

«እናትህን ከታማሚ ፊት ታባርራለህ?»

«አላባርርሽም። ፊቷን እርጪያት።»

እማ ጥሩነሽ ልጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ጠርሙሱን ከፈቱ። በስመ አብ ብለው ግንባሬን፣ ዓይኖቼን፣ ጉንጮቼን ረጩኝ። ሲጨርሱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና፣ «ከፊትሽ የወረደችውን ከላስሻት እኔ አላየሁም» አሉኝ።

አንዲት ጠብታ ላስሁ። ለሐኪሙ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም።

በአሥረኛው ቀን ሰማያዊ ቀለም የገባበት ውኃ በብርጭቆ አመጡልኝ። ብጠጣውና ስፌቱ ቢያፈስ፣ ከደረቴ በወጣው ቱቦ ከአልጋዬ ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ ጠርሙስ ሰማያዊው ይወጣል፤ ካልወጣ ይዟል ማለት ነው። ጌጡ መሬት ላይ ተንበርክኮ ዓይኑን ጠርሙሱ ላይ ተከለ። ጠጣሁ። ቀዝቀዝ ብሎ ወረደ። ሳይቆም፣ ሳይጠይቅ ወረደ።

«ወረደልሽ ወይ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከጠርሙሱ ሳያነሣ።

«ወረደ።»

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ጠርሙሱ ውስጥ ሰማያዊ የለም። ሲስተር ውድነሽ «ልብስ ሰፊው፣ ተነሣ እንግዲህ፤ ጉልበትህ ሊላጥ ነው» አለችው። አልተነሣም። ግንባሩን ከአልጋዬ ብረት ላይ አድርጎ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፣ ግን ወሬው አጭር ነው። ሕክምናው ነፍሴን እንጂ ስፋቴን አልመለሰልኝም። በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ እበላለሁ። ከበላሁ በኋላ አልጋደምም፤ ምግቡ ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ ብሎ ጌጡ እንደ ተዳፋት ያዘነበለ ትራስ ሰፋልኝ፤ አሁንም በእሱ ላይ ነው የምተኛው። ጣፊያ ስለሌለኝ ትኩሳት ሲነካኝ ሳላመነታ ወደ ሐኪም እሮጣለሁ። የነፍስ አባቴ በጾም ፈንታ ሌላ ትእዛዝ ሰጡኝ፤ የታመመ መጠየቅ ነው። በየጉርሻውም፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ጌጡ «ወረደልሽ ወይ?» ይለኝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ አሰልችቶኝ «አንተ ደግሞ! የዛሬን እንኳ ተወኝ» እለው ነበር። ያን ባልሁበት ቀን አሁን አዝናለሁ።

አያ ወርቁም በመጡ ቁጥር «ደሜ እንዴት ነው፣ ማንበብ ጀመረ?» ይሉኛል። «ጀምሯል፣ ግን ይነጫነጫል» እላቸዋለሁ።

የምመክረው አጭር ነው። ምግብ ሁለት ሳምንት ደጋግሞ ከቆመባችሁ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትተኙ፤ እንጥላችሁን አታስነኩ፤ በጾምም አትደበቁ። የራጅ ሥዕል ይነሣላችሁ። እኔ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ነኝ፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። እኔ ስጠብቅ የጠፋው ጊዜ ለሌላ ሰው እንዲተርፍ ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ጌጡ የሞተው እንደዚህ ነው፤ አንድ ረፋድ ላይ ማኪናው ቆመ። ድምፁ ሲቋረጥ ክር የሚያስገባ መስሎኝ ነበር። ስወጣ በጨርቁ ላይ ተደፍቷል። ልቡ ነው አሉ። በሬሳዬ ፊት ይቆማል ብዬ የተዘጋጀሁለት ሰው በፊቴ ተሸኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ እንደገና አልወርድ አለኝ። ሐኪሙ አየኝና፣ «ቧንቧሽ ክፍት ነው፣ የሺ። ነቀርሳም የለም» አለኝ።

በአርባው ቀን ሲስተር ውድነሽ መጣች። ከአጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችና፣

«አንድ ነገር ደብቄሻለሁ፤ እሱ አትንገሪያት ስላለኝ ነው» አለችኝ። «ያን ቀን ከፍተው ካዩ በኋላ ሐኪሙ ወደ እሱ ላከኝ። ‹ነቀርሳው ከብዙ ነገር ተጣብቋል፤ ዘግተን ብንመልሳት ጥቂት ወር ትኖራለች፣ ሁሉንም እንቁረጥ ካልን ግን እዚያው ልትቀር ትችላለች፣ ምን ትላለህ?› አልሁት። እጆቹን ሲያይ ቆየ። ‹ከተቆረጠ በኋላ የሚሰፋበት ጨርቅ ይተርፋል?› አለኝ። ገብቼ ጠየቅሁ። ‹ጨጓራዋ ይበቃል በይው› አለኝ ሐኪሙ። ወጥቼ ነገርሁት። ‹ጨርቁ ከበቃ ቁረጡት። ግማሽ ሥራ አትወድም› አለ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ‹ከዳነች አትንገሪያት፤ ውለታ ሆኖ እንዳይከብዳት› አለኝ።»

ለአርባው የመጡት ሴቶች «ብይ እንጂ፣ አርባ ቀን ሙሉ እህል ሳይገባብሽ!» እያሉ ከበቡኝ። ሲስተር ውድነሽ ትንሽ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችልኝ። ተቀበልሁ። አኘክሁ። ከልማድ የተነሣ ጥያቄውን ጠበቅሁ። የሚጠይቅ የለም። ዋጥሁት፤ ታች ድረስ ሲሄድ ተሰማኝ።

«ወረደ» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

እማ ጥሩነሽ ከወዲያ ማዶ ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ። ከአውቶቡስ የወረደ ለቅሶ ደራሽ መስሏቸዋል።

«ማን ወረደ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እህሉ ነው፣ እማ» አልኋቸው። «እህሉ።»